በሲኤንሲ ራውተር ሲቀረጽ መስመሩ አንድ ቦታ የሚወፍረው፣ ሌላ ቦታ የሚቀጥነው ለምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒዩተር በሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን) ታፔላ፣ የበር ጌጥ፣ መስቀልና የዐረብኛ ጽሑፍ የሚቀርጹ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት «ሶፍትዌሩ አበላሸብኝ» ከሚል ቅሬታ ጋር ነው። ሶፍትዌር የሚያጠፋበት ጊዜ አይጠፋም፤ ግን ከእንጨቱና ከዜድ አክሲስ (ቢቱን ወደ ላይና ወደ ታች ከሚያንቀሳቅሰው የማሽኑ ክፍል) ቀድሞ ሊጠረጠር አይገባም።

ፋይሉ ላይ መስመሩ እኩል ነው። እንጨቱ ላይ ለምን ይለያያል?

በቪ ቢት (ጫፉ እንደ V በሾለ መቁረጫ) ስትቀርጹ የመስመሩን ስፋት የሚወስነው ጥልቀቱ ነው። ቢቱ ሾጣጣ ስለሆነ ጠለቅ ሲል መስመሩ ይሰፋል፣ ከፍ ሲል ይቀጥናል። ልኩም የታወቀ ነው። በ90 ዲግሪ ቢት ስፋቱ የጥልቀቱ እጥፍ ነው። በ60 ዲግሪ ጥልቀቱን በ1.15 ማባዛት ነው። በ30 ዲግሪ ደግሞ ከጥልቀቱ ግማሽ በጥቂቱ ይበልጣል። ስለዚህ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ 90 ዲግሪው 4፣ 60 ዲግሪው 2.3፣ 30 ዲግሪው 1.1 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው መስመር ያወጣል።

እንግዲህ የጣውላው ፊት አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ ቢል፣ በ90 ዲግሪ ቢት የተቀረጸው መስመር እዚያ ቦታ ላይ በ1 ሚሊሜትር ይቀጥናል። 3 ሚሊሜትር መሆን የነበረበት የፊደል እግር 2 ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ይህን ደንበኛው ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያየዋል። ግማሽ ሚሊሜትሩን ግን ጣውላው ላይ አጎንብሳችሁም ላታዩት ትችላላችሁ።

ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ቀጥ ያለ ቢት አንድ ጊዜ ብቻ የተሄደበት መስመር ግን ስፋቱ የቢቱ ዲያሜትር ነው። ጥልቀቱ ቢዛባ ስፋቱ አይነካም። ይህ ልዩነት ቀጥሎ ለምርመራ ይጠቅመናል።

ችግሩ ከእንጨቱ ይሁን ከማሽኑ በምን ልለይ?

ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ሦስት ፈተና አድርጉ። ሦስቱም ቁራጭ ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ ከመፍጀት በቀር ወጪ የላቸውም።

መጀመሪያ ጥልቀቱ በሁሉም ቦታ 2 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱ ጥቂት ቀጥታ መስመሮችን በቪ ቢቱ ቅረጹ። በካሊፐር ዳርና ዳሩን፣ መሃሉንም ለኩና እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፉት። ከዚያ ቁራጩን ግማሽ ዙር አዙራችሁ ዜሮውን (ጥልቀቱ የሚለካበትን መነሻ) ያው የማሽኑ ቦታ ላይ እንደገና ያዙና በመስመሮቹ መካከል ሌሎች መስመሮችን ቅረጹ። ወፍራሙ ቦታ ከእንጨቱ ጋር ከዞረ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው። እንጨቱ ዞሮ ወፍራሙ በዚያው በማሽኑ በኩል ከቀረ ጠረጴዛው ወይም ድልድዩ (ስፒንድሉን፣ ማለትም ቢቱን የሚያዞረውን ሞተር፣ የተሸከመው አግዳሚ) ነው።

ሁለተኛው፣ ዜሮውን ሳትነኩ ያንኑ ፋይል በዚያው መስመር ላይ ደግማችሁ ማስኬድ ነው። ቢቱ አየር ላይ ብቻ ከሄደ መልካም። በሁለተኛው ዙር አቧራ ካወጣና ቀጭኑ ቦታ ከሰፋ፣ በመጀመሪያው ዙር አንድ ነገር ተጎንብሶ ነበር። ወይ ስፒንድሉ ወደ ላይ ተገፍቷል፣ ወይ ጣውላው ወደ ታች ተጫነ። የመቁረጫ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፣ ወይም ሥራውን በሁለት ዙር ክፈሉት።

ሦስተኛው፣ ቪ ቢቱን አውጥታችሁ 3 ሚሊሜትር ቀጥ ያለ ቢት አስገቡና ያንኑ መስመር በ1 ሚሊሜትር ጥልቀት ቅረጹ። ስፋቱ ከዳር ዳር እኩል ከመጣ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ጥልቀት ላይ ብቻ አተኩሩ።

ጣውላዬ በዓይን ሲታይ ቀጥ ያለ ነው፤ ፊቱንም በመላጊያ ልጌዋለሁ። አሁንም ይለያያል።

በእጅ መላጊያ የተላገ ፊት ለስላሳ ይሆናል እንጂ ለቪ ቢት በሚበቃ ደረጃ ጠፍጣፋ መሆኑ እምብዛም ነው። ቀጥ ያለ ብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሙበትና ከኋላ በስልክ መብራት እዩት። ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የቀጠነ መስመር የሚወጣበት ቦታ ነው። ተራ የማተሚያ ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። በማስመሪያውና በጣውላው መካከል አምስት ወረቀት ተደራርቦ ከገባ፣ በ90 ዲግሪ ቢት 1 ሚሊሜትር ልዩነት እየጠበቃችሁ ነው ማለት ነው።

አስተማማኙ መንገድ ጣውላው ከታሰረ በኋላ ፊቱን ማሽኑ ራሱ እንዲልገው ማድረግ ነው። 20 ወይም 25 ሚሊሜትር ሰፊ የሆነ ጠፍጣፋ ቢት አስገቡና ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ብቻ እያነሳ ሁሉንም ፊት ይዳስስ። ሥራው ሳይፈታ ቪ ቢቱን ቀይሩ፣ ዜሮውን በአዲሱ ፊት ላይ ያዙ፣ ቅረጹ። እንጨቱ የጠመመ ቢሆን፣ ጠረጴዛውም ያዘነበለ ቢሆን፣ አሁን ፊቱ ከቢቱ መንገድ ጋር ትይዩ ስለሆነ ችግር የለም። የሚያሳጣችሁ ጥቂት ደቂቃና ስስ ልባጭ ነው። ከጠፋ የዋንዛ ጣውላ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ፊቱ መላግ የማይችል ሥራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀድሞ ቀለም የተቀባ በር፣ የከፍታ ካርታ የሚያነሳ ሶፍትዌር አለ። በግርብል (የማሽኑን ሞተሮች በሚያዝ ፕሮግራም) ለሚሠሩ ትንንሽ ማሽኖች ካንድል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ፊቱን በነጥብ በነጥብ እየነካ ከፍታውን ይመዘግብና ጥልቀቱን በዚያ ልክ ያስተካክላል። እንጨት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ግን ለብረት የሚሆነው የሽቦ መንኪያ አይበቃም፤ ሲነካ የሚጫን ስዊች ያለው መንኪያ ያስፈልጋል።

ኮምቦልቻ ላግቼ ያስተካከልኩት ጣውላ ደሴ ከገባ በኋላ ጠመመ። ምን ላድርግ?

ይህ እዚህ አካባቢ በተለይ የሚያጋጥም ነው። ሁለቱ ከተሞች ቅርብ ናቸው፤ ግን ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ከፍታው በስድስት መቶ ሜትር ያህል ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ የደረቀ ጣውላ ደሴ ጉም ውስጥ ሲገባ እርጥበት ይጠጣል። በክረምት ደግሞ የባሰ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደው በተቃራኒው እርጥበቱን ይለቃል።

እንጨት እርጥበት ሲቀያየር በሁሉም አቅጣጫ እኩል አያብጥም፣ እኩልም አይኮማተርም። በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ ያለው ለውጥ ከመሃል ወደ ቅርፊት ካለው እጥፍ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት ከግንዱ ጎን የተሰነጠቀ ሰፊ ጣውላ ሲደርቅ ሁለት ጠርዞቹ በቅርፊቱ በኩል ወደ ላይ ይነሳሉ። የጣውላውን ራስ ብታዩ የቀለበቶቹ ቅስት የትኛው ፊት ቅርፊት እንደነበረ ይነግራችኋል።

መፍትሔው ትዕግስት ነው። ጣውላው የሚቀረጽበት ቤት ውስጥ፣ በመሃሉ አየር እንዲያልፍ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገበት ተደርድሮ ይክረም። ቢቻል አንድ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ። መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ግድግዳም ላይ አይደገፍ። ሰፊ ታፔላ ከሆነ ከአንድ ሰፊ ጣውላ ይልቅ ጠባብ ጠባቡን በኮላ አጋጥሞ መሥራት ጠመማውን ይቀንሳል። አስቸኳይ ሥራ ከመጣ ኤምዲኤፍ ይሻላል። ወይራ ወይም ዋንዛ የሚፈልግ ደንበኛ የመጠበቂያውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይወቀው።

ጠረጴዛውን አስተካክያለሁ፣ ጣውላውም ጠፍጣፋ ነው። መሃል መሃሉ ላይ ብቻ ይወፍራል።

አስተሳሰሩን እዩ። ጣውላው በሁለት ጫፍ ብቻ በሞርሳ ሲጠብቅ መሃሉ ሊነሳ ይችላል። የተነሳ ቦታ ወደ ቢቱ ስለሚቀርብ ጠልቆ ይቆረጣል፣ መስመሩም ይሰፋል። መሃሉን በጣታችሁ ጫን ጫን በሉት፤ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ክፍተት አለ። ከሥር በሁለት በኩል የሚጣበቅ ፕላስተር ማድረግ ይረዳል። ፕላስተሩ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነትና ያልተደራረበ ይሁን።

ከዚህ በተጨማሪ የማይጠረጠር ግን ተደጋጋሚ ጥፋተኛ አለ፤ ሰጋቱራ። ካለፈው ሥራ የቀረች አንዲት ልባጭ በጣውላው ሥር ከገባች አንዱን ጥግ ከፍ ታደርገዋለች። ሥራ ከመጫናችሁ በፊት ጠረጴዛውን በብሩሽ ጥረጉና በመዳፋችሁ ዳስሱት። ዓይን ያመለጠውን መዳፍ ያገኘዋል።

በትንንሾቹ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት አለ። ድልድዩ የተሠራባቸው ዘንጎች ቀጫጭን ከሆኑ ስፒንድሉ መሃል ላይ ሲደርስ በክብደቱ ያረግዳሉ። ግማሽ ዙር የማዞሩ ፈተና ላይ ወፍራሙ ሁልጊዜ የማሽኑ መሃል ላይ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። ከጠረጴዛው ጋር የታሰረውን ኤምዲኤፍ ማሽኑ ራሱ እንዲልገው ማድረግ ማርገዱን በአብዛኛው ያካክሳል።

ሲጀምር ጥሩ ነበር፤ እየቆየ ቀጠነ (ወይም ወፈረ)።

በጊዜ የሚለወጥ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከእንጨቱ ጠመማ ጋር ግንኙነት የለውም። የሚንሸራተት ነገር አለ።

ቀድማችሁ ኮሌቱን (ቢቱን ጨምቆ የሚይዘውን ቀለበት) እዩ። ቢቱ አንገት ላይ ኮሌቱ አፍ አጠገብ በማርከር ምልክት አድርጉና ሥራው ሲያልቅ ተመልከቱት። ምልክቱ ወደ ውስጥ ከገባ ቢቱ ተገፍቷል፣ መስመሩም ቀጥኗል። ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ወፍሯል። 6.35 ሚሊሜትር ኮሌት ውስጥ 6 ሚሊሜትር ቢት ማሰር እዚህ የተለመደ ነው። ሲጠብቅ የተያዘ ይመስላል፤ አያያዙ ግን ደካማ ነው። ለእያንዳንዱ የቢት አንገት የራሱን ልክ ኮሌት ግዙ፣ ርካሽ ነገር ነው። ኮሌቱ መጀመሪያ ዳዶው ውስጥ «ጠቅ» ብሎ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ከነዳዶው ስፒንድሉ ላይ የሚገጠመው። ውስጡ አቧራ ካለው በጨርቅ አጽዱት፣ ዘይት አትቀቡት።

ኮሌቱ ደህና ከሆነ የዜድ ሞተሩንና ዜድን የሚያወጣ የሚያወርደውን ረጅም ብሎን የሚያገናኘውን መጋጠሚያ እዩ። በጎኑ ያሉት ትንንሽ የብሩጎላ ብሎኖች በንዝረት ይላላሉ። ሞተሩ ሲዞር ብሎኑ ሙሉ በሙሉ አብሮት ካልዞረ ዜድ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይሳሳታል። ማሽኑን አጥፍታችሁ ስፒንድሉን በእጃችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ለመነቅነቅ ሞክሩ። የሚሰማ ወይም የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ እሱን ሳታስተካክሉ ሌላ ነገር አትንኩ።

የመጨረሻው ደረጃ ሞተሩ ስቴፕ ሲያመልጠው ነው። ዜድ በጣም በፍጥነት እንዲነሳ ከታዘዘ ወይም ብሎኑ በአቧራና በደረቀ ግሪስ ከተያዘ ሞተሩ የታዘዘውን ያህል ሳይዞር ይቀራል። ቪ ቢት ቀረጻ ዜድን ያለማቋረጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመላልስ ሥራ ስለሆነ፣ ቀጥ ባለ ቢት ሲሠራ ያልታየ ድካም እዚህ ላይ ይወጣል። ብሎኑን አጽዱ፣ የዜድን ፍጥነትና አክስለሬሽን ቀንሱ። ሥራው ሲያልቅ ዜድን ወደ ዜሮ መልሱት። ቢቱ መጀመሪያ በነካበት ከፍታ ላይ በትክክል ካልደረሰ ስቴፕ አምልጧል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀሪው መስመር ሌላ ውፍረት ሆነ።

የስቴፐር ሞተር የት እንደነበረ አያስታውስም። መብራት ሲጠፋ የመያዝ ኃይሉም ስለሚለቅ፣ ከባድ ስፒንድል ያለው ዜድ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ሊወርድ ይችላል። መብራት ሲመጣ ዜሮውን በግምት መያዝ የመስመሩን ስፋት በግምት መያዝ ነው።

መነሻ የሚያገኙ ሊሚት ስዊቾች ያሉት ማሽን ከሆነ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁልጊዜ መነሻ እንዲያገኝ አድርጉ፤ ከዚያ ዜሮውን ያዙ። ግርብል የሥራውን ዜሮ ከመነሻው አንጻር ስለሚያስቀምጥ መብራት ከተመለሰ በኋላ መነሻ ፈልጎ ወደዚያው ዜሮ ይመለሳል። ስዊች ለሌለው ማሽን ደግሞ ከቀረጻው ክልል ውጭ፣ በጠረጴዛው ላይ የማይነቃነቅ የብረት ቁራጭ እሰሩ። የጣውላው ፊት ከዚያ ብረት በስንት እንደሚበልጥ ሥራው ሲጀመር ጻፉት። ጣውላው ተቀርጾ ፊቱ ቢጠፋም ብረቱ አለ።

ቮልቴጅ ሲወርድስ? የስፒንድሉ ኢንቨርተር ቮልቴጅ በጣም ሲወርድ ራሱን ያጠፋል፤ ሌሎቹ ሞተሮች ግን ላይቆሙ ይችላሉ። የማይዞር ቢት እንጨት ውስጥ ሲጎተት ወይ ይሰበራል፣ ወይ ማሽኑ ቦታውን ይስታል። የስፒንድሉ ድምፅ ከተለወጠ ሥራውን ወዲያው አቁሙ።

መስመሩ እኩል ነው፤ ግን ሁሉም ከፋይሉ ይወፍራል።

ሶፍትዌሩ ውስጥ የገባው የቢት አንግል ከእውነተኛው ጋር አይገጥምም፣ ወይም የቢቱ ጫፍ አልቋል። 60 ዲግሪ ብላችሁ 90 ዲግሪ ቢት ካሰራችሁ፣ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ በ3.5 ፈንታ 6 ሚሊሜትር ታገኛላችሁ። አንዳንድ ሻጮች ደግሞ ማሸጊያው ላይ የሚጽፉት ከመሃል መስመሩ እስከ አንድ ጎን ያለውን አንግል ነው። «30» የተባለው 60 ሆኖ ይገኛል። የወረቀቱን አትመኑ፤ በተቆራረጠ ኤምዲኤፍ ላይ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ቅረጹና ስፋቱን ከላይ ከተሰጠው ልክ ጋር አወዳድሩ።

የጫፍ ማለቅ የሚያሳስተው በተለየ መንገድ ነው። ጫፉ ግማሽ ሚሊሜትር የተሰበረ 60 ዲግሪ ቢት ዜሮ የሚይዘው በተሰበረው ጫፍ ነው። ስለዚህ ከሚገባው በግማሽ ሚሊሜትር ጠልቆ ይሄዳል፣ መስመሩም በ0.6 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አስጠግታችሁ እዩት።

አግድም ሰረዞቹ ወፍራም፣ ቁመቶቹ ቀጭን ናቸው። ባክላሽ ነው?

ባክላሽ ማለት ማሽኑ አቅጣጫ ሲቀይር በክፍሎቹ ላላነት የሚጠፋው እንቅስቃሴ ነው። መልሱ እንደ መስመሩ አሠራር ነው። ቢቱ በመሃል አንድ ጊዜ ብቻ የሄደበት መስመር በኤክስና በዋይ ባክላሽ ምክንያት ቦታው ይዛወራል እንጂ ስፋቱ አይለወጥም። ሰፊ ፊደል ግን በሁለት ጎን ተሄዶበት ስለሚወጣ፣ ባክላሽ ካለ አንዱ አቅጣጫ ይወፍራል ወይም ይቀጥናል። የላላ ቀበቶ፣ ያለቀ የብሎን ዳዶ፣ የሚወዛወዝ ኩሽኔታ ፈልጉ። ማክ3 የሚባለው የማሽን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ባክላሽን የሚያካክስ መቼት አለው፤ መደበኛው ግርብል የለውም። ያለው ሰው ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ብረቱን ያስተካክል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፊደሉን እዩ። ኒያላ የሚባለው የኮምፒዩተር ፊደል ራሱ የብዕር ቅርጽ ስላለው አንዱ ወገን ወፍራም ሌላው ቀጭን ሆኖ የተሳለ ነው። የዐረብኛ ጽሑፍም እንዲሁ፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው። እኩል ውፍረት ያለው መስመር ከፈለጋችሁ እኩል ውፍረት ያለው ፊደል ምረጡ።

ጉጥ ላይ ሲደርስ ለምን ይቀጥናል?

ጉጡ ጠንካራ ስለሆነ ቢቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። በዝግታ ሁለተኛ ዙር ማስኬድ ያስተካክለዋል። ቢቱ የደነዘ ከሆነ ግን ፍጥነት ቢቀነስም አይረዳም።

ከማሽን ሲወርድ ጥሩ ነበር፤ ብርጭቆ ወረቀት ከመታሁት በኋላ ተበላሸ።

የተበላሸው በወረቀቱ ነው። ከፊቱ ላይ 0.3 ሚሊሜትር ስታነሱ በ90 ዲግሪ የተቀረጸው መስመር በ0.6 ሚሊሜትር ይቀጥናል። በእጅ የሚያዝ ማሽን ደግሞ ጠርዝ ጠርዙን አብዝቶ ስለሚበላ፣ ዳር ያሉት ፊደሎች ከመሃሎቹ ይቀጥናሉ። ማለስለሱን ከቀረጻ በፊት ጨርሱት። ከቀረጻ በኋላ ጠጉሩን ለማንሳት ያህል ብቻ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ቀጭን ወረቀት፣ በእጅ።

ቀለም ሲገባበትስ? ቀለሙ በእንጨቱ ጭረት ተከትሎ ይሰርጋል፤ መስመሩ የሰፋ ይመስላል። ከመቅረጻችሁ በፊት ፊቱን አንድ ዙር ሲለር ወይም ቫርኒሽ ቀቡ፤ ከቀረጻችሁም በኋላ ቀለም ከመግባቱ በፊት መስመሩ ውስጥ ቀጠን ያለ ዙር ድገሙ።

የተበላሸውን ሥራ ማዳን ይቻላል?

ጣውላው ካልተፈታ ብዙ ጊዜ ይቻላል። የቀጠነ ከሆነ ዜሮውን በ0.2 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ያንኑ ፋይል ድገሙ። ወፍራሙም አብሮ ይሰፋል፤ ስለዚህ ይህ የሚሆነው ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ነው። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ሙሉ ፊቱን በጠፍጣፋ ቢት እስከ ጥልቁ መስመር ወገብ ድረስ ላጉትና ዜሮውን በአዲሱ ፊት ላይ ይዛችሁ ያንኑ ፋይል እንደገና ቅረጹ። ቢቱ በአሮጌው መስመር ላይ ስለሚያልፍ የቀረውን ይውጠዋል። የጣውላው ውፍረት መብቃቱን ግን አስቀድማችሁ ለኩ፤ በር ላይ የሚገጠም ከሆነ ደግሞ የማጠፊያውን ልክ አስቡበት። ከተፈታ በኋላ መልሶ በትክክል ያንኑ ቦታ ማግኘት አድካሚ ስለሆነ፣ መስመሩን በካሊፐር ሳትለኩ ሞርሳውን አትፍቱ።